እየሞተ ያለውን አትቅረጹ፦ የባሕር ፕላንክተን በማይክሮስኮፕ ለሚቀርጹ ጀማሪዎች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ቪዲዮ ላከልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ እንዴት እንደምትጨፍር!» ይላል መልእክቱ። ከፈትኩት። ኮፔፖድ ነች። ኮፔፖድ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ወገን የምትቆጠር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም የባሕር እንስሳ ናት፤ ከፕላንክተን፣ ማለትም ከውኃው ጋር ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን፣ አንዷ ናት። ቪዲዮው ላይ በጎኗ ተኝታ እግሮቿን ታንቀጠቅጣለች። አንዱ አንቴናዋ ተሰብሯል። እሱ ጭፈራ ያለው ጣር ነው።

ልጁን አልተቆጣሁትም። እኔም የመጀመሪያ ዓመቴን እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት። አገር ቤት ሳለሁ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነበርኩ፤ ዓይኔና እጄ የሠለጠኑት በወባ ስላይድ ነው። ደሙ ይደርቃል፣ በጊምሳ ይቀለማል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ በመቶው ሌንስ (መቶ እጥፍ በሚያጎላው) ይታያል። እዚያ የሚታየው ሁሉ የሞተ ነው፤ ምሳ በልታችሁ ብትመለሱም ያው ነው። ሲያትል መጥቼ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ ገዛሁና ከከተማዋ ጎን ያለውን የባሕር ወሽመጥ፣ የፒዩጀት ሳውንድን፣ ውኃ ማየት ጀመርኩ። ያን ጊዜ የጎዳኝ ያው የድሮ ልማዴ ነው። ስለዚህ ከታች የምጽፈውን አብዛኛውን ራሴ አጥፍቼ ነው የተማርኩት።

ናሙናውን ገድሎ መቅረጽ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው «ጠብታ ጣል፣ ከቨር ስሊፕ ክደን፣ እይ» የሚል ነው። ለደረቀ ደም ይሠራል። ሕይወት ላለው እንስሳ ግን ከቨር ስሊፕ ጣሪያ ተደርምሶበት እንደማለት ነው። በስላይዱና በክዳኑ መካከል የሚቀረው ውኃ ስስ ነው፤ ከኮፔፖዷ ውፍረት በብዙ እጥፍ ያንሳል። ክዳኑን ስታሳርፉ አንቴናዋ ይሰበራል፣ ጀርባዋ ይጫናል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። እኛ ደግሞ «እንዴት ቀልጣፋ ናት!» እንላለን።

መፍትሔው ቀላል ነው። በከቨር ስሊፑ አራት ማዕዘን ላይ ትንሽ ትንሽ ቫዝሊን አድርጉ፤ እንደ እግር ሆኖ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ወይም መሐሉ የጎደጎደ ስላይድ ግዙ። በአራቱ ሌንስ ለመቅረጽ ከሆነ ክዳን ጭራሽ አያስፈልግም፤ ውኃውን በትንሽ የብርጭቆ ሳህን አድርጋችሁ ከላይ እዩት።

ሙቀቱም ይገድላል። የፒዩጀት ሳውንድ ውኃ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ሳሎናችሁ 21 ዲግሪ ነው። ከሥር ደግሞ ሃሎጅን አምፖል አለ። አንዲት ጠብታ በዚያ ላይ ወዲያው ትሞቃለች። ውኃው ይተናል፣ ጨውና ሙቀት አንድ ላይ ይጨምራሉ፣ ኦክስጅን ይቀንሳል። እኔ አንድን ጠብታ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላቆይም። ሳልቀርጽ መብራቱን አጠፋለሁ። የቀረውን ናሙና በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በረዶው ግን ጠርሙሱን እንዳይነካው ፎጣ ጣል አደርጋለሁ።

ሦስተኛው ገዳይ መጨናነቅ ነው። እስራኤል፣ አሽዶድ የምትኖር አንዲት እህታችን ከሜዲትራኒያን የምትቀዳው ሁሉ ቤት ሳይደርስ እየሞተ ተቸገረች። ፎቶ አስላክኋት። ጠርሙሱ እንደ ሾርባ ወፍሯል፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሏል፣ ወሩም ነሐሴ ነው። በዚያ ወቅት የዚያ ባሕር ላይኛው ውኃ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሞቃት ውኃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። አሁን ከመረቡ የወጣውን ማንኪያ የምታህል ብቻ ወስዳ በአንድ ሊትር የዚያው ባሕር ውኃ ታቀጥናለች። ጠርሙሱንም እስከ አፉ አትሞላም። ባለፈው የላከችልኝ የሸርጣን እጭ ዓይኑን ሲያዞር፣ ልቡ ሲመታ፣ ሁሉ ይታያል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ደህና መሆኗን በምን ታውቃላችሁ? ደህና ኮፔፖድ ብዙውን ጊዜ አንቴናዎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። ከዚያ በድንገት ትዘላለች፤ ስትዘል ከምስሉ ትጠፋለች። ዳያቶም ብርጭቆ መሰል ቅርፊት ያለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው፤ ደህናው ውስጡ ያሉት ወርቃማ ቡናማ ነጠብጣቦች ተበትነው ነው የሚታዩት፤ መሐል ላይ ተኮማትረው ካያችኋቸው ተጎድቷል። ኖክቲሉካ የምትባለው ባለ አንድ ሕዋስ ክብ ፕላንክተን የተነፋ ፊኛ መምሰል አለባት። ተጨማዳ ካያችኋት ጣሉና ሌላ ጠብታ ውሰዱ።

በሕይወት ማቆየት ለርኅራኄ ብቻ አይደለም። ጆን ቮን ቶምሰን የሚባል የእንግሊዝ ጦር ቀዶ ሐኪም አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ላይ ሲሠራ በመረብ የያዛቸውን ጥቃቅን ዋናተኞች በባሕር ውኃ አቆያቸው። ቅርፊታቸውን ጥለው ዕቃው ላይ ተጣበቁና ባርናክል ሆኑ። ባርናክል ያ በወደብ ምሰሶና በድንጋይ ላይ ነጭ ሆኖ የሚጣበቀው ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ከቀንድ አውጣ ወገን ይቆጥረው ነበር፤ ቶምሰን በ1830 ባሳተመው ጽሑፍ የሸርጣን ዘመድ መሆኑን አሳየ። ያኔ ቪክቶር ሄንሰን «ፕላንክተን» የሚለውን ስም ገና አላወጣውም፤ ስሙ የመጣው በ1887 ነው። ቶምሰን እንስሶቹን ቢገድላቸው ኖሮ ባርናክል ሲሆኑ አያይም ነበር።

የቧንቧ ውኃ

አንድ ጠብታ እንኳ አትጨምሩ። የፒዩጀት ሳውንድ ውኃ በኪሎ 30 ግራም ገደማ ጨው አለው። ንጹሕ ውኃ ሲገባበት ስስ ሕዋሳት ያብጡና ይፈነዳሉ። ማቅጠኛው ሁልጊዜ ናሙናው የተቀዳበት ውኃ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የሐዋሳ ሐይቅን ለምትቀርጹም ሕጉ ያው ነው፤ የሐዋሳው በሐዋሳ ውኃ ይቅጠን።

የቡና ፔርሙዝ

ፔርሙዝ ውኃውን ቀዝቃዛ አድርጎ ለማቆየት ግሩም ዕቃ ነው። ቡና የገባበትንና በሳሙና የታጠበውን ግን አትንኩት። ለባሕር ብቻ አንድ ይኑራችሁ።

መረቡን መጎተት

መረብ ለመግዛት የምትቸገሩ ከሴት ስቶኪንግ፣ ከሽቦ ቀለበትና ከትንሽ ጠርሙስ መሥራት ትችላላችሁ፤ ለእንስሳቱ ይበቃል። ለዳያቶም ግን ቀዳዳው 20 ማይክሮን የሆነ መረብ ያስፈልጋል። ስህተቱ ያለው አጎታተት ላይ ነው። ጀማሪ ብዙ ለመያዝ ብሎ ይሮጣል። በፍጥነት ሲጎተት ስሱ ሁሉ መረቡ ላይ ይለጠፋል፣ እግርና አንቴና ይረግፋል። በእርጋታ፣ ከሽማግሌ ጋር እንደምትሄዱ ሆናችሁ ጎትቱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በሚያዝያና በግንቦት ዳያቶሞች ሲፈሉ ደግሞ አንድ ደቂቃም ይበዛል፤ መረቡ ወዲያው ይደፈናል።

ብዙዎቹ እንስሳት ቀን ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፣ ማታ ወደ ላይ ይወጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ሄዳችሁ «ምንም የለም» አትበሉ። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሂዱ። ብቻችሁን ግን አትሂዱ፤ የወደብ እንጨት እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል።

ትልቁን ቁጥር መውደድ

ማይክሮስኮፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያዞረው መቶውን ሌንስ ነው። እኔም ዘይቴን ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። መቶው ሌንስ ስላይዱን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ዘይቱ ደግሞ ክዳኑን ይዞት ይንቀሳቀሳል። የምትዋኝ እንስሳ በዚያ አትቀረጽም። በአርባውም ቢሆን በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታየው ንብርብር ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮን ብዙም አይበልጥም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ኮፔፖዷ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ስለምትወፍር በአርባው የምታገኙት ብዥታ ብቻ ነው። በአራቱ ጀምሩ። በአሥሩ ቆዩ። ከምወዳቸው ቪዲዮዎቼ አብዛኞቹ በአሥሩ የተቀረጹ ናቸው።

ዳያፍራሙን ጠርቅሞ መዝጋት

ከሥር ባለው ኮንደንሰር (ብርሃኑን በሚሰበስበው ክፍል) ላይ ዳያፍራሙን፣ ማለትም የብርሃኑን ቀዳዳ፣ የምትከፍትና የምትዘጋ አንዲት ትንሽ እጀታ አለች። ስትዘጓት ምስሉ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ይጎላል። «አሁን ገና ታየኝ!» ይባላል። የታየው ግን አብዛኛው በብርሃን መታጠፍ የተፈጠረ ጠርዝ ነው። ዳያቶሙ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ይጠፋሉ፣ በየጠርዙ ድርብ ጥላ ይመጣል፣ በክዳኑ ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ይጎላል። ዓይን መመልከቻውን ነቅላችሁ በቱቦው ውስጥ ወደ ታች እዩ። የብርሃኑ ክብ ከሌንሱ መክፈቻ ሦስት አራተኛውን ያህል ሲሞላ እጀታዋን እዚያ ተዉአት። ሌንስ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና እዩ።

ጎላ ያለ ምስል ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። ሳንቲም የሚያህል ክብ ጥቁር ወረቀት ቁረጡና ከኮንደንሰሩ ሥር ባለው ማጣሪያ ማስቀመጫ መሐል ላይ አድርጉት። ዳያፍራሙን በደንብ ክፈቱ። መደቡ ጥቁር ይሆናል፣ እንስሳቱ ያበራሉ። በአራቱና በአሥሩ ሌንስ በደንብ ይሠራል፤ የወረቀቱን ስፋት ለየሌንሱ እየሞከራችሁ አስተካክሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያየሁት የባርናክል እጭ ነበር። ጨለማ ውስጥ የበራ ፋኖስ መሰለኝ፤ ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት።

የሚያርገበግብ መብራት

ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር የሚወርድባችሁ ከመብራቱ ነው። የብርሃኑን መጠን መቆጣጠሪያ (ዲመሩን) ሙሉ አድርጉት፤ የስልኩን የመዝጊያ ፍጥነት አሜሪካ ከሆናችሁ 1/60 ወይም 1/120፣ ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና አውሮፓ ከሆናችሁ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ቆልፉ። ፎከሱንም ቆልፉ።

ጨው

አንድ ማታ ደክሞኝ ሌንሱን ሳልጠርግ ተኛሁ። የባሕር ውኃ ነክቶት ነበር። ጠዋት ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፤ በደረቅ ጨርቅ ፈተግኩት። በደረቅ ጨው መፈተግ የሌንሱን ስስ ሽፋን ሊጭር ይችላል። አሥሩ ሌንሴ ላይ ያ ጭረት እስከ ዛሬ አለ፤ በጥቁር መደብ ስቀርጽ እንደ ጉም ይታያል። ጨው ሲደርቅ መጀመሪያ በተጣራ ውኃ በረጠበ የሌንስ ወረቀት አሟሙት፣ ቀጥሎ በቀስታ አድርቁ። የስላይድ ማስቀመጫውን ብረትም እንዲሁ፤ ይዝጋል።

ፍጥነቱንና መጠኑን አለመናገር

የኮፔፖድ ዝላይ ዓይን አይደርስበትም። በሴኮንድ 30 ምስል ስትቀርጹ በአንዱ አለች፣ በሚቀጥለው የለችም። 240 ላይ ቀርጾ ማዘግየት ያምራል፤ ግን «በስምንት እጥፍ የዘገየ» ብላችሁ ጻፉበት። ያፋጠናችሁትንም እንዲሁ። ያለዚያ የሚያየው ሰው እንስሳዋን በሐሰት ነው የሚያውቃት። የመጠን መስመርም አስገቡ። አንድ ሚሊ ሜትር በመቶ የተከፈለበት መለኪያ ስላይድ አለ፤ በየሌንሱ አንድ ጊዜ ቅረጹትና ለዘላለም ይበቃችኋል።

ስም ለመስጠት መቸኮል

ይህ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው። ሱዶኒቺያ የሚባል ዳያቶም አለ። ቀጭን መርፌ ይመስላል፤ ጫፍና ጫፉ እየተደራረበ ሰንሰለት ይሠራል። አንዳንድ ዝርያዎቹ ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ ያመርታሉ። መርዙ በመስልና በሌሎች ዛጎል ለበሶች ውስጥ ይከማቻል፣ በማብሰልም አይጠፋም። ብዙዎቹን ዝርያዎች እርስ በርስ ለመለየት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። መርዝ እያመረቱ መሆን አለመሆናቸውን ደግሞ በእኛ ማይክሮስኮፕ ማንም አያይም። ታዲያ አንድ ወዳጄ ከባሕር ዳር ደውሎ «ዛሬ ውኃውን አይተኸዋል፣ መስል ብንለቅም ችግር አለው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አሁንም ለማንም የምለው ይህንኑ ነው። ለዚያ የዋሽንግተን ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት የተከፈቱና የተዘጉ የባሕር ዳርቻዎችን ካርታ ያወጣል፤ እሱን እዩ። ስላይዳችሁን አይታችሁ ለሰው ምግብ ፈቃድ አትስጡ።

ለቪዲዮውም ቢሆን «ኮፔፖድ»፣ «የሸርጣን እጭ» ማለት ይበቃል። የተሳሳተ የዝርያ ስም ከምትሰጡ ወገኑን ብቻ በትክክል ጥሩ።

ቀን አለመጻፍ

ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የውኃውን ሙቀት ጻፉ። የቪዲዮውም ፋይል ስም ይኸው ይሁን። የመጀመሪያ ዓመቴ ፋይሎች ስም የላቸውም፤ ውስጣቸው ደግሜ ያላገኘኋት ብርቱካናማ እጭ አለች። የትኛው ወደብ፣ በየትኛው ወር እንደያዝኳት ስለማላውቅ ተመልሼ ልፈልጋት አልቻልኩም።

ስትጨርሱ የተረፈውን ውኃ በዚያው ቀን ወደተቀዳበት መልሱት። እኔ ማታ ፔርሙዜን ይዤ ወደ ወደቡ እመለሳለሁ፤ ውኃው ላይ ዝቅ አድርጌ ቀስ ብዬ አፈሰዋለሁ።