ዊኪያችሁ ሲታደስ የማይሰበር ኤክስቴንሽን እንዴት ይመረጣል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ጓደኛሞች ሆናችሁ የዋሸራንና የጎንጅን ቅኔ የምታሰባስቡበት ዊኪ ከፈታችሁ እንበል። ሶፍትዌሩ ሚዲያዊኪ ነው፤ ውክፔዲያ የሚሠራበት። መጫኑ አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ለሶፍትዌሩ ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጥ ቅጥያ፣ መደራረብ ሲጀመር ነው። ሚዲያዊኪ በዓመት ሁለቴ ገደማ አዲስ ስሪት ያወጣል። ኤክስቴንሽኑ አብሮ ካልተራመደ ወይ ገጹ ይበላሻል፣ ወይ እናንተ አሮጌው ስሪት ላይ ትቀራላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ያለ ኤክስቴንሽን ይሠራ እንደሆነ እዩ። ሰሙን በአንድ ዓምድ፣ ወርቁን በሌላ ለማሳየት ተራ ቴምፕሌት (በየገጹ የሚጠራ ዝግጁ ቅጽ) ይበቃል።

የግድ ካስፈለገ ከሚዲያዊኪ ጋር በአንድ ጥቅል ለሚመጡት ቅድሚያ ስጡ። ፓርሰርፈንክሽንስ፣ ስክሪቡንቶና ቪዥዋልኤዲተር ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ውክፔዲያም ስለሚጠቀምባቸው ቶሎ አይረሱም።

ከጥቅሉ ውጭ ያለ ከሆነ የኮዱን የለውጥ ታሪክ ክፈቱ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሰሞኑን የታደሰ ይመስላል፤ ለውጡ ግን ሶፍትዌር ከሚተረጎምበት ድረ ገጽ ከትራንስሌትዊኪ፣ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ያመጣው የትርጉም ማሻሻያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቦቱን ዝለሉና ሰው ኮዱን የነካው መቼ እንደሆነ ፈልጉ። ሁለት ዓመት ሰው ያልነካውን እኔ አልጭንም።

ቀጥሎ መውጫውን አስቡ። ነገ ባጠፋው ምን ይቀራል? የገጹን መልክ ብቻ የሚቀይር ከሆነ ምንም። የራሱን ታግ (ጽሑፉ ውስጥ የሚጻፍ የትእዛዝ ምልክት) የሚያስገባ ከሆነ ታጉ እንዳለ ቅኔው መሀል ተገትሮ ይታያል። ከገጾች መረጃ መዝግበው በመጠይቅ የሚያወጡት ሰማንቲክ ሚዲያዊኪና ካርጎ ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ የራሳቸውን ሠንጠረዥ ይከፍታሉ፤ መጠይቆቻቸውም በየገጹ ይበተናሉ። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፣ ግን ጋብቻ ነው። ፍቺው ገጾቹን አንድ በአንድ ማረም ይጠይቃል። አሥር ቅኔ እያላችሁ አትቸኩሉ።

ዋናውን ሶፍትዌር ስትመርጡ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.43 እንደዚያ ነው፤ ለሦስት ዓመት የደህንነት ጥገና ተመድቦለታል። ኤክስቴንሽኑንም ስታወርዱ ለስሪታችሁ የተለየውን የኮድ ቅርንጫፍ (ብራንች) ውሰዱ፤ ገንቢው ገና እየሠራበት ያለውን አይደለም።

ማሻሻያውን መጀመሪያ በቅጂ ላይ ሞክሩ፦ ዳታቤዙን፣ የምስል ማህደሩንና የቅንብር ፋይሉን ገልብጡ፣ ከዚያ የማሻሻያ ስክሪፕቱን አስሂዱ። ሰርቨሩ ቤት ያለ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሰኩት። ስክሪፕቱ ሠንጠረዥ እየቀየረ መብራት ከሄደ ሌላ ሥራ ነው።