ሽቅቡን በታክሲ፣ ቁልቁሉን በእግር፦ የአዲስ አበባን አሮጌና አዲስ ሕንፃዎች በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእንጦጦ ግርጌ ተነስታ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ የሕንፃዎቿም ዕድሜ በአመዛኙ አብሯት ይወርዳል። ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የአራዳ ነጋዴዎች ቤት፤ ታች ሲሚንቶውና መስታወቱ። ስለዚህ ዘዴው ቀላል ነው፦ ሽቅቡን በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ይውጡ፣ ቁልቁሉን በእግር ይውረዱ። መኪና ያለው ሰው እንኳ ለዚህ ቀን ቤቱ ትቶት ቢወጣ ይሻለዋል፤ መሪ የጨበጠ ሰው ቀና ብሎ ሰገነት አያይም።

ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ ማቆየትም አልመክርም። ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ለዓመታት ከታክሲ መስኮት እያየሁ የማልፈው ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ነበር፤ አንድ ቀን ወርጄ በደንብ አየዋለሁ እያልኩ ስቆይ ቦታው ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ፎቶ እንኳ አላነሳሁትም።

1. ከቤት ከመውጣትዎ በፊት

የሥራ መግቢያው ግርግር ጋብ ሲል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይነሱ። ዝርዝር ብር፣ መታወቂያና የማይጨንቅ ጫማ ይያዙ፤ ክረምት ከሆነ ጃንጥላ አይርሱ። ሚኒባስ ውስጥ ሂሳብዎን ለረዳቱ ሲሰጡ መውረጃዎን አብረው ይንገሩት፤ ቦታው ሲደርስም ጮክ ብለው «ወራጅ አለ!» ይበሉ። በአንበሳና በሸገር አውቶቡስ ረዘም ያለ ወረፋ ሊያጋጥም ይችላል፤ በምላሹ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ ከሚኒባስ ይልቅ መንገዱን ያሳያሉ።

2. ከስድስት ኪሎ ይጀምሩ

የመጀመሪያው ጉዞ እስከ ስድስት ኪሎ ነው። የየካቲት 12 ሐውልት ያለበት አደባባይ ላይ ወርደው ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይግቡ፤ በሩ ላይ መታወቂያዎን ይጠየቃሉ። ይህ ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው። ዋናው ሕንፃ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኝበታል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል።

ከሕንፃው ፊት ለፊት አየር ላይ የቆመ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። እዚህ ጋ አይቸኩሉ። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ጠጋ ብለው እርከኖቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ዓይንዎን ወደ ትንሹ አንበሳ ያንሱ። በመላው ከተማ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሥራ አላውቅም፤ አንዲት ቅርጽ ብቻ ተጨምራ የሐውልቱ ትርጉም ተገልብጧል።

3. ወደ አራት ኪሎ በእግር

መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ አይከብድም። አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ አራት ኪሎ ላይ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን ያገኛሉ። የፓርላማውን የሰዓት ማማ በዓይንዎ ብቻ ይመልከቱት፤ በዚህ አካባቢ ካሜራ አያውጡ።

ስለ ፎቶ ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ዓምድ ሳነሳ ጥበቃው አስቆመኝና ስልኬን ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ እጠጋና «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ይህን ዓምድ ወድጄው ነው፣ ማንሳት ይፈቀዳል?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ይፈቀድልኛል፤ አንዳንዶቹማ ሕንፃው ማን ጋ እንደነበረ፣ መቼ እንደታደሰ ቆመው ያጫውቱኛል።

4. ፒያሳ

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ቅርብ ቢሆንም መንገዱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ እንደገና ስለሚወጣ ሚኒባስ ይያዙ። መጀመሪያ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ይሂዱ። ስምንት ማዕዘን ያለው ይህ ካቴድራል ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ ሲሆን ንድፉ የጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነው። በወረራው ዘመን ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ ታድሷል። አጠገቡ የምኒልክ ሐውልት፣ እንዲሁም በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። አሮጌውንና አዲሱን ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ ልዩነት አለ፣ የተሠሩት ግን ስለ አንድ ድል ነው።

ከዚያ ጣይቱ ሆቴል ገብተው ቡና ይጠጡ። በጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት ቃጠሎ ተርፎ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል። ሲወጡ በአካባቢው የቀሩትን ቤቶች ከታች ወደ ላይ ይመልከቱ፦ ምድር ቤቱ ጥርብ ድንጋይ፣ ደርቡ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ ወደ መንገድ የወጣ በረንዳ። የቆርቆሮው ክፈፍ ሥር እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ ካዩ ቆም ይበሉ። የአርመንና የህንድ ግንበኞች እጅ ከአገሬው ባለሙያ ጋር የተገናኘው በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ነው።

5. ቸርችልን መውረድ

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመው ወደ ታች ይመልከቱ፤ የቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ ለገሀር ድረስ ይወርዳል። የማዘጋጃ ቤቱ ንድፍ የጣሊያናዊው አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ ይህን ስም ይያዙት፣ በኋላ ይመለሳል። ሲወርዱ ፖስታ ቤቱንና የትግላችን ሐውልትን ያልፋሉ። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ሲደርሱ ደጃፉ ላይ የቆመውን የፈረንሳዊውን ቀራፂ የሞሪስ ካልካን የድንጋይ አንበሳ ይዙሩት፤ ቴአትር ቤቱም አንበሳውም ከ1948ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ ኢዮቤልዩ በዓል ጋር የተያያዙ ናቸው። የቴአትር ቤቱን ንድፍ ያወጣው ሄንሪ ሾሜት የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃም ነድፏል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የባንኩ አዲስ ሕንፃ 209 ሜትር ስለሚረዝም መንገድ ለመለየት እንደ ምልክት ያገለግላል።

መጨረሻው ለገሀር ነው። ስሙ ራሱ «ባቡር ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። የጣቢያው ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ የተመለሰ ነው።

6. ከድልድዩ ላይ

ቀላል ባቡሩ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። በዕለቱ መሥራቱን አስቀድመው ይጠይቁ። በለገሀር ሁለቱም መስመሮች ያልፋሉ፤ እስጢፋኖስ ለመውረድ የአያቱን እንጂ የቃሊቲውን አይሳፈሩ። በዚህ አካባቢ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ስለሚያልፍ ከታች የማይታዩት የላይኛው ፎቆች ከዓይንዎ ትይዩ ይመጣሉ።

እስጢፋኖስ አጠገብ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ አለ። ይህም የሜዜዲሚ ሥራ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ቅጥሩ የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ለጉብኝት አስቀድመው ይመዝገቡ።

7. ጉልበት ከቀረ

ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ይመለሱና የሳር ቤት ሚኒባስ ይያዙ፤ ለረዳቱ «አፍሪካ ኅብረት» ካሉት ያወርድዎታል። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ረጅሙ ሕንፃ 99.9 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ኅብረቱን ለመመሥረት የሲርት ስምምነት የተደረሰበትን የፈረንጆቹን 9/9/99 ያስታውሳል። ቦታው ቀድሞ ዓለም በቃኝ ወህኒ ቤት የነበረበት ነው። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘቀዝቅ መስታወቱ ይቀላል። የመሥሪያ ቤት መውጫ ሰልፍ ሳይረዝም፣ ከ11 ሰዓት በፊት ወደ ሜክሲኮ የሚመለሰውን ታክሲ ይያዙ።