ቬሮና፣ የጁልየት ቤት፦ እንግዶቼ ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሚላን ለምንኖር ሐበሾች ቬሮናን ማስጎብኘት ግዴታችን ሆኗል። ዘመድ ይመጣል፣ ዱኦሞውን (ትልቁን ካቴድራል) ያያል፣ በማግስቱ «የጁልየትን ቤት አሳየኝ» ይላል፤ የሼክስፒር ቴአትር የሮሚዮና ጁልየቷን ማለቱ ነው። በፈጣኑ ባቡር ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። አይቼ አይቼ የመረረኝን ልንገራችሁ።

ሰገነቱን ብቻ አይቶ መውጣት። ይሄ ያናድደኛል። ሰው ከፒያሳ ዴሌ ኤርቤ አጠገብ ባለችው ቪያ ካፔሎ፣ 23 ቁጥር፣ ቅስቱን አልፎ ይገባል። ቀና ይላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ውልቅ። አለቀ! ያ ሰገነት እኮ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከተማዋ ቤቱን የገዛችው በ1905 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1936 የሆሊውዱ የሮሚዮና ጁልየት ፊልም ወጣ። በዚያው ሰሞን የከተማዋ ሙዚየሞች ኃላፊ አንቶኒዮ አቬና ቤቱን ማሳደስ ጀመሩ። ቱሪስት ጁልየትን ቀና ብሎ የሚፈልግበት ቦታ ያስፈልግ ነበርና፣ የቆየ ጥርብ ድንጋይ ተገጣጥሞ ሰገነት ሆነ።

ታዲያ እውነተኛው የመካከለኛው ዘመን ነገር የት ሄደ? ከጀርባችሁ ነው። ግቢው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ዞር በሉና የቅስቱን አናት እዩ። መሐሉ ላይ ባለው ድንጋይ አንዲት ባርኔጣ ተቀርጻለች። የጥንቶቹ ባለቤቶች፣ የዳል ካፔሎ ቤተሰብ አርማ ናት። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1844 ሲመጣ ቤቱ የባለጋሪዎች ማረፊያ ነበር፤ ግቢው ጭቃ፣ ዝይ የሚርመሰመስበት። ሰገነት አላየም፣ አልነበረማ! ባርኔጣዋን ግን አይቶ ጽፎላታል። የአጎቴ ልጅ እዚያው ቅስት ሥር ሆና ስልኳ ባትሪ እስኪጨርስ ቪዲዮ ቀረጸች። «ዙሪ» ስላት «ቆይ፣ ብርሃኑ አሪፍ ነው» አለችኝ። ባርኔጣዋን ያየቻት ማታ ቤት ገብተን ከእኔ ስልክ ላይ ነው።

የሐውልቱን ጡት ማሻሸት። ግቢው ውስጥ የቆመችውን የነሐስ ጁልየት የሠራት ኔሬዮ ኮስታንቲኒ ነው። «ቀኝ ጡቷን የነካ በፍቅር ይቀናዋል» ተባለና ስንትና ስንት እጅ ሲያሻት ነሐሱ ተጎዳ። በ2014 ዋናዋ ወደ ውስጥ ገብታ በቦታዋ ቅጂ ቆመ። ስለዚህ እድል ፈልጋችሁ የምትሰለፉት ለቅጂ ነው። እሱስ ይሁን። ግን ድርሰቱን ያነበበ ሰው ያውቃል፤ ጁልየት 14 ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ትልቅ ሰው፣ ያውም ልጆቹን አስከትሎ፣ ጡቷን ይዞ እየሳቀ ፎቶ ሲነሳ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ከእኔ ጋር ከመጣችሁ እኔ አላነሳችሁም፣ ከአሁኑ ተነጋግረናል።

ማስቲካ ግድግዳ ላይ መለጠፍና ስም መጻፍ። ቅጣት አለው፤ ደግሞም ነውር ነው።

ድርሰቱን ማንበብ ሳትጀምሩ መሄድ። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ መልሰውታል፣ ሰበብ የለም። ሁሉንም ባትጨርሱት እንኳ ሁለተኛው ገቢር ላይ ያለውን የሮሚዮንና የጁልየትን የሌሊት ንግግር ባቡር ላይ አንብቡ። ያላነበበ ሰው እዚያ ግቢ ሲደርስ የሚያየው ሕዝብና የቁልፍ መያዣ ሻጭ ነው።

ደግሞ የዚህ ተቃራኒ አለ፦ አዋቂው። ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመው ሳለ ጮክ ብሎ «ይሄ ሁሉ ውሸት ነው፣ ጁልየት የምትባል ሰው አልነበረችም» የሚል። ወንድሜ፣ ማን ነበረች አለህ? ሼክስፒር ራሱ ጣሊያን ለመምጣቱ ማስረጃ የለም። ታሪኩን ከእሱ በፊት፣ በ1530 ገደማ፣ ጣሊያናዊው ጸሐፊ ሉዊጂ ዳ ፖርቶ ቬሮና ላይ አስቀምጦታል። የሁለቱ ቤተሰቦች ስም ደግሞ ከዚያም በፊት ባለቅኔው ዳንቴ ዘንድ ይገኛል። ልብ ወለድ መሆኑን ሰው ያውቃል፤ አውቆ ነው የሚመጣው። ለጁልየት የሚጻፉትን ደብዳቤዎች እያነበቡ በእጃቸው የሚመልሱ በጎ ፈቃደኞች አሉ እኮ! ከተማዋ ውስጥ ማኅበር አላቸው። የልባችሁን መናገር ካማራችሁ ግድግዳውን ተዉና ለእነሱ ጻፉ።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ የምታዩት አልጋ የጁልየት አይደለም። ዜፊሬሊ ከሠራው ከ1968ቱ የሮሚዮና ጁልየት ፊልም የመጣ ነው። አክስቴ እንባዋን ከጠረገች በኋላ ነው የነገርኳት፤ እስከ ዛሬ አልማረችኝም።

ቲኬት ሳይቆርጡ እኩለ ቀን ላይ መድረስ። ግቢው ጠባብ ነው፣ ትገፋፋላችሁ። በኢንተርኔት ቀድማችሁ ያዙ፣ በጠዋት ግቡ። የመግቢያው ደንብ ስለሚቀያየር የከተማዋን ሙዚየሞች ገጽ እዩ፤ በተለይ ሰኞ ለመሄድ ካሰባችሁ መከፈቱን አጣሩ።

ጊዜ ከተረፋችሁ መቃብሯ የሚባለው በቀድሞው የሳን ፍራንቼስኮ አል ኮርሶ ገዳም ነው። ባዶ የቀይ እብነበረድ ሳጥን ነው፣ አስከሬን አትጠብቁ። ጸጥታው ግን ከግቢው ግርግር በኋላ ያሳርፋል። የሮሚዮ ቤት የሚባለው ደግሞ ቪያ አርኬ ስካሊጄሬ ላይ አለ። የግል ቤት ስለሆነ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ እንግዳዬ ደወሉን ሊጫን እጁን ሲዘረጋ በስንት መከራ ነው የመለስኩት።