ለጳጳሳት ስንጸልይና በአገልግሎታቸው ስንደግፋቸው ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው ካህኑ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ስም ከጠሩ በኋላ የሀገረ ስብከቱን ጳጳስ ስም ይጠራሉ። ይህ ስም ለብዙዎቻችን ጆሮ የለመደው ድምፅ ብቻ ሆኖ ያልፋል፤ የመጀመሪያው ስህተትም ከዚህ ይጀምራል። ስሙ በዚያ ቦታ የሚጠራው ማዕረጉን ለማክበር ተብሎ ሳይሆን፣ ጉባኤው ከማን ጋር በአንድነት እንደሚቀድስ ለመመስከርና ያንን እረኛ በእግዚአብሔር ፊት ለማሰብ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ሰምቼው አልፍ ነበር። አንድ እሑድ ጳጳሳችን ለወጣቶች ምሥጢረ ሜሮን ለመስጠት ወደ ቁምስናችን (ወደ አጥቢያችን) መጡ፤ የወጣቶቹ ሰልፍ ረጅም ስለነበረ ቅዳሴው ዘግይቶ አለቀ። የቅዳሴ አልባሳት ወደሚቀመጡበት ክፍል ውሃ ይዤ ስገባ፣ ዘውዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ቅብዓ ሜሮን የነካውን አውራ ጣታቸውን በጥጥ እየጠረጉ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ውሃውን ተቀብለው ካመሰገኑኝ በኋላ፣ «ቅዳሴ ላይ ስሜ ሲጠራ አንዲት አባታችን ሆይ በልልኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ስም እንደ ቀድሞው አላለፈኝም።

ለጳጳስ መጸለይ ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ በረከት ከእሳቸው ወደ እኔ እንጂ ከእኔ ወደ እሳቸው አይሄድም ብሎ ማሰብም የዚሁ ስህተት ሌላ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2013 አዲስ የተመረጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ቡራኬ ከመስጠታቸው በፊት፣ ሕዝቡ ለእሳቸው እንዲጸልይ ለምነው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በዝምታ ቆመዋል። ሕዝቡ ለጳጳሱ፣ ጳጳሱም ለሕዝቡ ይጸልያሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሕግም የሀገረ ስብከት ጳጳስ በየእሑዱና በታዘዙ በዓላት ለተሰጣቸው ሕዝብ ቅዳሴ እንዲያሳርጉ ያዝዛል።

ሁለተኛው ስህተት ጳጳሱ ሲታመሙ ወይም ሀገረ ስብከቱ ሲታወክ ብቻ መጸለይ ነው። ጌታ ለጴጥሮስ እምነቱ እንዳይጠፋ የለመነለት ከመካዱ በፊት እንጂ ከካደ በኋላ አይደለም (ሉቃ. 22፥32)። በጵጵስና ሲመት ሥርዓትም ተሿሚው በግንባራቸው መሬት ላይ ተደፍተው ሳለ ጉባኤው የቅዱሳንን ስም እየጠራ ይለምናል፤ ጸሎተ ሲመቱ ሲጸለይ ደግሞ ሁለት ዲያቆናት የተከፈተ የወንጌል መጽሐፍ ከተሿሚው ራስ በላይ ይይዛሉ። ሸክሙ ገና ሳይጫን ጸሎቱ ቀድሞ ይደርሳል።

ሦስተኛው፣ «አምላክ ሆይ ጳጳሳችንን ጠብቅልን» ብሎ ማቆም ነው። ጸሎቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን ለማናውቀው ሰው የምንጸልየው ዓይነት ነው። ስለ ሥራቸው ጥቂት ብናውቅ የምንለምነው ነገር ብዙ ይሆናል። ጳጳስ የማስተማር፣ የመቀደስና የማስተዳደር ኃላፊነት አለባቸው። ሀገረ ስብከታቸውን በሙሉ ቢያንስ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ ይጎበኛሉ፤ በየ5 ዓመቱም ስለ ሀገረ ስብከቱ ሁኔታ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዘገባ ያቀርባሉ። በእነዚህ መካከል ደግሞ በአደባባይ የማይታየው ሥራ አለ፤ ካህን ከአንድ ቁምስና ወደ ሌላ ማዛወር፣ ጥሪው የደከመበትን ካህን ማነጋገር፣ ገንዘብ የጎደለውን ትምህርት ቤት መዝጋት ወይም ማቆየት፣ ማንም ደስ የማይሰኝበትን ውሳኔ ፈርሞ ማደር። እንግዲህ ሰኞ ለካህናቱ የሚናገሩት ቃል እንዲሰጣቸው፣ ሐሙስ ለሚወስኑት ውሳኔ ጥበብ እንዲኖራቸው፣ እሑድ ለሚሰብኩት ስብከት ራሳቸው የሚጸልዩበት ጸጥታ እንዲያገኙ መለመን ይቻላል። የሀገረ ስብከቱን የጉብኝት መርሐ ግብር ማግኘት ከቻልን ከዚያ የተሻለ የጸሎት ዝርዝር አላውቅም።

ሐሜትን ጸሎት ማልበስም ስህተት ነው። «እንጸልይላቸው» ተብሎ ተጀምሮ የጳጳሱን ድካም በመዘርዘር የሚያልቅ ስብሰባ ጸሎት አይባልም። ጳጳሱ እኔ የምፈልገውን እንዲወስኑ ብቻ መለመንም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን አምስተኛው ነው፤ እሱም ድጋፍን ከዝምታና ከውዳሴ ጋር ማምታታት ነው። ጳጳስን የሚወድ ሰው ምንም አይናገርም የሚል አስተሳሰብ በብዙ ደጋግ ምዕመናን ዘንድ ሥር ሰድዷል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላስተማረችም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሕገ ቀኖና መጽሐፍ በቁጥር 212፣ ምዕመናን እንደ እውቀታቸውና እንደ ችሎታቸው ለቤተ ክርስቲያን መልካም ነገር የሚመለከተውን ሐሳባቸውን ለእረኞቻቸው የመግለጽ መብት፣ አንዳንዴም ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል፤ ይህም ለእምነት ታማኝ በመሆንና እረኞችን በማክበር እንዲሆን ያሳስባል። ስለዚህ የታየውን ችግር በአደባባይ ከመበተን በፊት ስምን ጽፎ፣ ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ፣ በአክብሮት ደብዳቤ ማቅረብ እውነተኛ ድጋፍ ነው። በየሄዱበት ጭብጨባ ብቻ የሚሰሙ ጳጳስ የሕዝባቸውን ቁስል በምን ያውቃሉ?

በሕፃናት ወይም ራሳቸውን መከላከል በማይችሉ ሰዎች ላይ የደረሰ በደል ሲሆን ደግሞ «እንጸልይ» ብሎ መሸፈን ኃጢአት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡትና በ2023 ቋሚ ያደረጉት ሕግ፣ በጳጳሳት ላይ የሚቀርብ ጥቆማ ሳይቀር በሥርዓት እንዲመረመር ያዝዛል። ለተበደለው መጮህና ለጳጳሱ መጸለይ አይጣሉም፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ሊወጡ ይችላሉ፣ ሊወጡም ይገባል።

ስለ ቁሳዊ እርዳታ ብዙ አልልም። ለጳጳሱ በግል የሚሰጥ ውድ ስጦታ ልብን ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ለክህነት የሚዘጋጁት የዘርዓ ክህነት ተማሪዎች ቀለብና የሕሙማን ካህናት መድኃኒት ሲጎድል የጳጳሱን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ጉድለት ነው። ለሀገረ ስብከቱ በደረሰኝ የሚገባ ትንሽ፣ ግን የማይቋረጥ መዋጮ ከውድ ስጦታ ይልቅ ያሳርፋቸዋል። የሂሳብ፣ የሕግ ወይም የግንባታ ሙያ ያለው ሰውም እውቀቱን ለሀገረ ስብከቱ የገንዘብ ምክር ቤት ወይም ለጽሕፈት ቤቱ ቢያውስ ሸክሙን በቀጥታ ያነሳላቸዋል።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው በዝምታ ነው። የሀገረ ስብከት ጳጳስ 75 ዓመት ሲሞላቸው የሥራ መልቀቂያቸውን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። መልቀቂያው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ በቅዳሴው የሚጠራው የተተኪያቸው ስም ይሆናል፤ ዓመታት ሙሉ በየመሠዊያው ሲሰማ የኖረው ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ አይሰማም። እኚያ ውሃ የተቀበሉኝ ጳጳስም ዛሬ በጡረታ ላይ ናቸው። ካህኑ የአዲሱን ጳጳስ ስም ሲጠሩ አንዲት አባታችን ሆይ እላለሁ፤ ከእሷም አስከትዬ የእሳቸውን ስም በለሆሳስ ጠርቼ ሁለተኛዋን እደግማለሁ።