በሰው ቤትና ግቢ ፎቶ ስናነሳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ባለቤቱ ፈቅዶልኛል» ብሎ መዝናናት። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይሄ ነው። የካፌው ባለቤት «ግቡ፣ ቅረጹ» አለ እንበል። የፈቀደው ስለ ቤቱ ነው። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ማኪያቶ ስለምትጠጣው ሴት ሊፈቅድ አይችልም። ፊቷ ቪዲዮው ላይ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ሕጉ ስልክ ካሜራ ከመሆኑ በፊት የወጣ ቢሆንም፣ ለቲክቶክ ዘመን ልክክ ብሎ ይሠራል።

«ቤቱ የኔ ነው» የሚል አከራይ ደግሞ አለ። ይሄኛው እኔን በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ተጎጂው ብዙ ጊዜ አፍ አውጥቶ መናገር የማይችል ተከራይ ነው። ተከራይዋ ልትለቅ አንድ ወር ቀርቷታል። እሷ ሥራ ላይ ሳለች ደላላው ከአከራዩ ጋር ይገባና ክፍሉን ፎቶ ያነሳል። ማታ ቴሌግራም ላይ «ባለ አንድ መኝታ፣ ውሃና መብራት ያለው» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። ከሥሩ ያልተነጠፈ አልጋዋ፣ ወንበር ላይ የተሰቀለ የልጇ ዩኒፎርም ከነትምህርት ቤቱ ስም፣ ግድግዳው ላይ የምርቃት ፎቶዋ። ማንም እንግዳ ሰው ልጇ የት እንደሚማር አወቀ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ እንዳይደፈር ይጠብቃል፤ ኪራይ ከፍላ እስከኖረችበት ድረስ መኖሪያው የሷ ነው። አከራዮች፣ ቀን ቀጥሩ፤ ዕቃዋን እንድታነሳ ጊዜ ስጧት። ወይም እስክትለቅ ጠብቁና ባዶውን ክፍል አንሱ። ባዶ ክፍል ደግሞ ሰፊ መስሎ ይታያል።

ፎቶ ቤቶች ዘንድ የሚሰማው «ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ የኔ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶ አንሺውን መብት ያስከብራል። ይህ ግን የሙሽሪትን መልክ ለማስታወቂያ የማዋል ፈቃድ አይሆንም። ሁለቱ መብቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሙሽሮች ያለፈቃዳቸው የወጣው ፎቶ እንዲነሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤትም በፎቶው የተገኘውን ጥቅም አይቶ ካሳ ሊወስን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀብድ ስትቀበሉ ውሉ ላይ «ለማስታወቂያ መጠቀም ይቻላል» ወይም «አይቻልም» የሚል መስመር አስገቡና አስፈርሙ። ሙሽሮችም ሳትጠየቁ ጠይቁ።

«ዝግጅት ነው፣ ሁሉም ያነሳል» የሚሉም አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 በእርግጥ በሩን ገርበብ አድርጎታል። ታዋቂ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ ትምህርትና ባህል፣ እንዲሁም በአደባባይ የተካሄደ ሥነ ሥርዓት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። ጃንሜዳ ላይ የጥምቀትን ሕዝብ ማንሳት እዚህ ውስጥ ይገባል። ግቢ ውስጥ በተተከለ የለቅሶ ድንኳን ደረቷን የምትደቃ እናትን ቀርጾ መልቀቅ ግን በምንም መንገድ እዚህ ውስጥ ሊከተት አይገባም። ሟቹስ? ክብሩን የሚነካ ምስል ከወጣ ሕጉ ለቅርብ ዘመዶቹ የመቃወም መብት ይሰጣቸዋል። ለቅሶ ቤት ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።

የደህንነት ካሜራም ይረሳል። ኮንዶሚኒየም ላይ ለራስ በር የተገጠመ ካሜራ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤት ሳሎን የሚያይበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሰው ጓዳ ይቀረጻል። ስትገጥሙ ምስሉን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ የት ድረስ እንደሚያይ አረጋግጡ፣ ወደ ራሳችሁ በር አዙሩት፣ ለጎረቤትም ንገሩ።

በመጨረሻ ከጥበቃ ጋር ግብ ግብ መግጠም። የሆቴል ወይም የሕንፃ ጥበቃ «ማንሳት ክልክል ነው፣ ውጡ» ካለ ውጡ፤ ግቢው የግል ነው። ስልካችሁን ነጥቆ ጋለሪ የመበርበር ሥልጣን ግን የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው በእጁ ያለ ንብረቱ እንዳይበረበርና እንዳይያዝበት ይጠብቀዋል። ፎቶው ላይ ያለ ሰው «አጥፉልኝ» ካለ ግን እያየ ራሳችሁ አጥፉለት፤ የተሰረዙ ፎቶዎች ከሚጠራቀሙበት ፎልደር ጭምር። ጥበቃው ስልኩን ካልወሰድኩ ካለ ደግሞ ድምፃችሁን ሳታነሱ ኃላፊውን አስጠሩ፤ ካልሆነም ፖሊስ ይጠራ።