ለስላሳ የዓሣ ማባበያ በእጅ ሲፈስ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጀማሪዎች ከሚያሳዩኝ የተበላሹ ሰው ሠራሽ ትሎች የአብዛኞቹ ችግር አረፋ ነው፤ ባለቤቶቻቸውም ወዲያው ፕላስቲሶሉን፣ ማለትም ፒ.ቪ.ሲ. የተባለ የፕላስቲክ ዱቄት ከማለስለሻ ጋር የተቀላቀለበትንና ሲሞቅ ወደ ለስላሳ ፕላስቲክ የሚለወጠውን ፈሳሽ፣ ይወነጅላሉ። አንዱ የፈሳሹን ዓይነት ደጋግሞ ሲቀያይር ገንዘቡን ጨርሶ ነበር፤ ሲጠየቅ ግን ፈሳሹ የሚቀረጽበትን የጀሶ ፎርማ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በውኃ እንደሚያጥብ ተናገረ።

ምክንያቱን ለማወቅ አረፋው የት እንዳለ መመልከት ይበቃል። ፎርማውን በነካው ገጽ ላይ ጎድጎድ ያሉ ክብ ቀዳዳዎች ከታዩ ጥፋቱ የፎርማው እርጥበት ነው፤ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ፕላስቲሶል ውኃ ያዘለ ጀሶ ሲያገኝ ውኃው በቅጽበት ተንኖ መውጫ ይፈልጋልና። ደቃቅ አረፋ መላ አካሉን ከሞላው ደግሞ ፈሳሹ በኃይል ተማስሏል፣ የተጨመረው ጨው ወይም ብልጭልጭ እርጥበት ነበረው፣ አለዚያም ማማሰያው እንጨት ነው። እንጨት ደረቅ ቢመስልም እርጥበት ስለሚይዝ በብረት ማንኪያ በቀስታ ይማሰል። አረፋው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ በጅራቱ ጫፍ ብቻ የሚገኝ ከሆነ የታፈነ አየር ነው፤ ፎርማውን ዘንበል አድርጎ ከአንድ ወገን በቀጭኑ ማፍሰስ ያስወግደዋል።

የጀሶ ገጽ መድረቁ ምንም አያረጋግጥም፤ ጉንጭ ላይ ሲደረግ ቀዝቀዝ የሚል ጀሶ ውስጡ ገና ውኃ አለው። አስተማማኙ መንገድ ፎርማውን በየቀኑ መመዘን ሲሆን፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ስስ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ወይም በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው፤ ቅቡም በተራው ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። እርጥብ ጀሶን መቀባት ውኃውን ውስጥ መቆለፍ ነው። ይህን ያደረገ አንድ ችኩል ሰው ገና ማፍሰስ ሲጀምር ቅቡ አብጦ ፈነዳና ትኩሱ ፕላስቲክ የእጁ አንጓ ላይ ተረጨ። የቀለጠ ፕላስቲክ እንደ ውኃ ከቆዳ ላይ አይራገፍም፤ ይጣበቃል። ስለዚህ ያለ ረጅም እጅጌ፣ ያለ ሙቀት መከላከያ ጓንትና ያለ መነጽር ማንም አያፍስስ።

ፈሳሹ ቢጫ ሆኖ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካወጣ አርሯል። ፒ.ቪ.ሲ. ከልክ በላይ ሲሞቅ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ጋዝ ይለቃልና ማሞቂያውን አጥፍቶ ከክፍሉ መውጣት ይገባል፤ ጥቁር ቀለም ጨምሮ ለመሸፋፈን መሞከር ግን ሞኝነት ነው። ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ለኦርጋኒክ ትነትና ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ባለው ጭንብል ይከናወን፤ የጨርቅ ጭንብል ጋዝ አያስቀርም። ምግብ የሚሞቅበት ማይክሮዌቭም ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይዋል።

ማባበያው ደብዘዝ ብሎ ሲጎተት በቀላሉ የሚበጠስ ከሆነ ሙቀቱ አንሶታል፤ በቴርሞሜትር እየተለካ እንደገና ይሞቅ። ከልክ በላይ ልፍስፍስ ከሆነ ዱቄቱ ጠርሙሱ ሥር ዘቅጦ ማለስለሻው ብቻ ተቀድቷል፤ ጠርሙሱ በደንብ ይናጥና አረፋው እስኪወጣ ይቆይ። ጀርባው ከጎደጎደ፣ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ የማፍሰሻው ቀዳዳ ገና ትኩስ ሳለ ይሞላ። ያለቀለት ማባበያ ከፖሊስታይሪን በተሠራ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ማለስለሻው ሳጥኑን ያሟሟዋል፤ በፖሊኤትሊን ከረጢት፣ ቀለም ከቀለም ተለይቶ ይቀመጥ።