ፍርድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ፈርሙ፦ አሜሪካ ውስጥ ከፎስተር ኬር ልጅ በጉዲፈቻ ስትወስዱ ድጋፉን እንዴት እንደምታገኙ

አሜሪካ ውስጥ ከፎስተር ኬር (ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆች በመንግሥት ኃላፊነት ለጊዜው በሌላ ቤተሰብ የሚያድጉበት ሥርዓት) ልጅ በጉዲፈቻ ለሚወስድ ቤተሰብ ብዙ ድጋፍ አለ። ወርሃዊ ድጎማ ይከፈላል። ልጁ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ያገኛል። የጠበቃና የፍርድ ቤት ወጪ ይመለሳል። የታክስ ቅናሽም አለ። ኮሌጅ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ገንዘብ ይጠብቀዋል። ችግሩ፣ አብዛኛው ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ወረቀት፣ በጉዲፈቻ ድጋፍ ስምምነቱ ላይ ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ማስመለስ አሳር ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለት ወንድማማቾችን ያሳደግነው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝ ያገሬ ሰው ስለበዛ ያየሁትን በተራ ልጻፈው።

1. ልጁ በየትኛው በር እንደመጣ ለዩ

እዚህ የምጽፈው በአሜሪካ የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት እጅ ስለነበረ ልጅ ነው። በቀጥታ ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ የመጡ ልጆች ጉዳይ ሌላ ነው። ኢትዮጵያም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት አቁማለች። እነዚያ ልጆች ወርሃዊውን ድጎማ በአብዛኛው አያገኙም። እነሱ ከሁሉ በፊት የዜግነት ወረቀታቸው የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ።

የእህት ወይም የወንድም ልጅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ብዙዎቻችን "ደሜ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?" ብለን ልጁን ይዘን ወደ ቤት እንሄዳለን። ደግነቱ ያስመሰግናል። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ፋይሉን ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ ድጋፉም አብሮ ይዘጋል። ልጁን ተቀበሉት። በዚያው ቀን ግን "ፈቃድ ያለን የዘመድ ፎስተር ቤተሰብ መሆን እንፈልጋለን" በሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ጉዲፈቻ ሳይገቡ በሞግዚትነት ለሚያሳድጉ ዘመዶችም ወርሃዊ ክፍያ ይፈቅዳል። ይህን ለማግኘት ግን ልጁ ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር ፈቃድ ባለው ቤታችሁ መኖር አለበት።

2. አስተርጓሚ ጠይቁ

እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም ለውል ላይበቃ ይችላል። አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣችኋል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛንም ያገለግላል። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። ያልገባችሁን ነገር ለይሉኝታ ብላችሁ "እሺ" አትበሉ።

3. ስምምነቱን ከውሳኔው በፊት አስፈርሙ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ወረቀቱ የጉዲፈቻ ድጋፍ ስምምነት ነው። ዳኛው የጉዲፈቻውን ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት በእናንተና በመሥሪያ ቤቱ ተፈርሞ ማለቅ አለበት። ኬዝ ወርከራችሁ (የልጁን ጉዳይ የያዘችው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ) "ከችሎት በኋላ እንጨርሰዋለን" ካለቻችሁ ቀጠሮውን አስለውጡ እንጂ ሳትፈርሙ አትግቡ።

የማውቃቸው ባልና ሚስት በዚህ ተጎድተዋል። የችሎቱ ቀን ደረሰ፣ ኬኩ ታዘዘ፣ ለልጅቷ የሐበሻ ቀሚስ ተሰፋ። ወረቀቱ "ይደርሳል" ተባሉ። በኋላ ሲጠይቁ "ጊዜው አልፏል" ሆነ መልሱ። አቤት የሚባልበት ቦታ አለ። መሥሪያ ቤቱ ስለ ልጁ የሚያውቀውን ደብቋችሁ ከነበረ ወይም ድጋፍ መኖሩን ጨርሶ ካልነገራችሁ ሊፈረድላችሁ ይችላል። ግን ማስረጃ ፍለጋው፣ ቀጠሮውና ምልልሱ ያደክማል። ያ ሁሉ ጉልበት ለልጅቷ መዋል ነበረበት።

ድጋፉን ለማግኘት ልጁ "ስፔሻል ኒድስ" (ልዩ ፍላጎት) በሚለው መደብ ውስጥ መግባት አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ወላጅ ይቆጣል፤ "ልጄ ጤነኛ ነው፣ ምን ስም ልትለጥፉበት ነው?" ይላል። ንዴቱ ይገባኛል። በዚህ ሕግ ግን መደቡ ከሕመምና ከአካል ጉዳት ይሰፋል። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ስቴት ያወጣዋል። ዕድሜው ከፍ ያለ ልጅ፣ ከእህት ከወንድሙ ሳይለይ መሄድ ያለበት ልጅ ሊገባበት ይችላል። የእኛዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ የገቡት ወንድማማች በመሆናቸው ነው። ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ስፔሻል ኤጁኬሽን ጋርም አይገናኝም። ስለዚህ በክብር ጉዳይ አትግፉት።

ቀጥሎ ገንዘቡ። መጠኑ የሚወሰነው በድርድር ነው። ጣሪያው ልጁ በፎስተር ኬር ቢቆይ ኖሮ ይከፈልለት የነበረው ሂሳብ ነው። "ገቢያችሁ ጥሩ ስለሆነ አይገባችሁም" ቢሏችሁ አትቀበሉ፤ የፌዴራሉ የጉዲፈቻ ድጋፍ ፕሮግራም በወላጅ ገቢ ምክንያት አይከለክልም። የመጀመሪያውን ቁጥር ሰምታችሁም አትፈርሙ።

ለድርድሩ የልጁን አንድ ሳምንት ወረቀት ላይ አውርዱት። እንዲህ፦ ማክሰኞ ከሰዓት ቴራፒ፣ ለዚያ ከሥራ የሚቀረው ሰዓትና ቤንዚኑ። ሐሙስ የንባብ አስጠኚ። ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ከሆነ በሳምንት ስንት ቀን፣ ማን እንደሚያባብለው፣ ማን ጠዋት ሥራ እንደሚያረፍድ። ከሐኪሙና ከአስተማሪው ደብዳቤ ጨምሩበት። "ልጁ ብዙ ነገር ያስፈልገዋል" ከሚል አንድ ገጽ ልመና ይህ ዝርዝር ይበልጣል።

"አሁን ገንዘብ አንፈልግም" የምትሉ ቤተሰቦችም ፈርሙ። ክፍያው ዜሮ ዶላር ሆኖ ስምምነቱ ሊጸና ይችላል። በ5 ዓመቱ ደህና የነበረ ልጅ በ12 ዓመቱ ያለፈው ሕይወቱ ሊነሳበት ይችላል። ያኔ "ሁኔታው ተለውጧል" ብላችሁ እንደገና ትደራደራላችሁ። ስምምነት ከሌለ የምትደራደሩበት ነገር የለም።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ፈልጉበት፦ ክፍያው የሚጀምርበት ቀን፣ ሜዲኬይዱ፣ ለጉዲፈቻው ለአንድ ጊዜ ያወጣችሁት ወጪ (በፌዴራል ሕግ በልጅ እስከ 2,000 ዶላር ይመለሳል)፣ የሚያበቃበት ዕድሜ። አብዛኛውን ጊዜ 18 ነው፤ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ላለበት እስከ 21 ሊሄድ ይችላል። ስቴት ብትቀይሩ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ። እኛ ዛሬ ሜሪላንድ፣ ነገ ቴክሳስ የምንል ሕዝብ ነን። በፌዴራሉ ፕሮግራም የታቀፈ ልጅ ድጎማው ይከተለዋል፤ ሜዲኬይዱንም በምትሄዱበት ስቴት ያገኛል። በስቴቱ በጀት ብቻ የሚደገፍ ከሆነ ግን ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የተፈረመውን ኮፒ በእጃችሁ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ።

4. ታክስ

የ2025 እ.ኤ.አ. የጉዲፈቻ ታክስ ክሬዲት (ከታክሳችሁ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ለአንድ ልጅ እስከ 17,280 ዶላር ነው። ከፎስተር ኬር በ"ስፔሻል ኒድስ" መደብ የወሰዳችሁት ልጅ ከሆነ ከኪሳችሁ ምንም ባታወጡም ሙሉውን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ገቢያችሁ በጣም ከፍ ካለ ብቻ ይቀንሳል። ከዚያ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርሰው ታክስ ባይኖርባችሁም በእጃችሁ ይመለሳል። የቀረው እስከ 5 ዓመት ይተላለፋል። ፎርሙ 8839 ይባላል። ታክስ ሠሪያችሁ ስለዚህ ፎርም ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ለማስረጃ የስቴቱ የ"ስፔሻል ኒድስ" ውሳኔ ያስፈልጋል።

5. ኮሌጅ

ይህን ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ልጁ 13 ዓመት ከሞላው በኋላ አንድ ቀንም ቢሆን በፎስተር ኬር ከነበረ፣ ፋፍሳ (የፌዴራሉን የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ) ሲሞላ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ይቆጠራል። ኋላ በጉዲፈቻ ብትወስዱትም እንዲሁ ነው። የእናንተ ገቢ አይገባበትም፤ በዚህ የተነሳ የሚያገኘው እርዳታ ብዙ ጊዜ ይጨምራል።

16 ዓመት ከሞላው በኋላ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ደግሞ በቼፊ (በፎስተር ኬር ለነበሩ ወጣቶች በተዘጋጀው የፌዴራል) ፕሮግራም ሥር ባለው የትምህርት ቫውቸር በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ሊያገኝ ይችላል። እስከ 26 ዓመቱ፣ ቢበዛ ለ5 ዓመት ነው። ማመልከቻው በየስቴቱ ይለያያል፤ በጀቱም ያልቃል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ አስገቡ። ሜሪላንድን የመሰሉ ስቴቶች በመንግሥት ኮሌጆች የትምህርት ክፍያውን ራሱን ያነሳሉ።

ኮሌጁ ማስረጃ ይጠይቃል። ልጁ ከመቼ እስከ መቼ በፎስተር ኬር እንደነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ኬዝ ወርከሯ ሥራ ሳትቀይር፣ ፋይሉም ሳይዘጋ አስጽፉ። አንዱን ቅጂ ለልጁ ስጡት፣ አንዱን ከስምምነቱ ጋር አስቀምጡ።